ፕላኑን ለሁለት ክፈልልን

ቀጨኔ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለስብሐት፣ ኪጋሊ፤

እንደምን ከርመሃል? መድኃኔ ዓለም በሄድክበት አገር ፊቱን አይመልስብህ፤ ባለሙያ እጅህን ከቁርጥማት፣ ዓይንህን ከኮምፒውተር ብርሃን ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፣ ደስ ብሎኛል፤ ለምን እንደሆነ እስክነግርህ ታገሠኝ፣ እኔ ስጽፍም እንደማወራው ነኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ላስታውስህ። አስቻለች ነኝ፣ ጥልፍ ሠራተኛዋ። አያትህና እናቴ የወንድማማች ልጆች ናቸው። በአያትህ ለቅሶ ላይ፣ አንተ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነህ፣ ድንኳኑን ከነወንበሩ በወረቀት ነድፈህ ለለቀስተኛው እያዞርክ ስታሳይ «ይሄ ልጅ አንድ ቀን ቤት ይነድፋል» ያልኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ «ለቅሶ ላይ የምን ሥዕል ነው» ብለው ቆነጠጡህ። እኔ አልቆነጠጥኩህም። ይህንን አስብልኝ።

ለምን በድምፅ አልላክሽልኝም ትል ይሆናል። እኔና እህቴ ጽጌረዳ የእናታችንን ቤት ለሁለት ከፍለን ነው የምንኖረው፤ መሃላችን ያለው ኮምፔንሳቶ ነው። እኔ ሳስነጥስ እሷ ከማዶ «ይማርሽ» ትላለች፣ ያውም በተኳረፍንበት ቀን። ስለዚህ በእጄ እየጻፍኩ፣ ወረቀቱን ፎቶ እያነሳሁ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። እስክሪብቶ ድምፅ የለውም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የቤታችን የጓሮ ግድግዳ ዘሟል። ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ደግፈንለት እሱም እኛን እያየ፣ እኛም እሱን እያየን ከረምን። በመጨረሻ አሮጌውን አፍርሰን አንድ ፎቅ ለመሥራት ተስማማን፤ ከታች ሁለት ቤት፣ ከላይ ሁለት ክፍል፣ ለእኔ ግማሽ፣ ለእሷ ግማሽ። እኔ ከላይ አራቱን የጥልፍ ማሽኖቼን እደረድራለሁ። ብርሃን አገኛለሁ፣ ስብሐት። ሃያ ዓመት በጨለማ ክፍል ጥቁር ክር ከሰማያዊ ለመለየት በር ድረስ ስወጣ ኖሬአለሁ። የደስታዬ ምክንያት ይኸው ነው።

ፕላኑን ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለው ታረቀኝ የሚባል ነዳፊ ሠራልን። ሁለት ፕላን ከማሠራት በአንዱ ላይ ሁለታችንም ብንገባ ይሻላል ብለን አንድ አሠራን። ለግንባታ ፈቃድ ክፍለ ከተማ ሄደን ስናስገባ መስኮቱ ላይ ያለችው ራኬብ የምትባል ልጅ «ባለቤቶቹ ሁለት ከሆናችሁ ፋይሉም ሁለት ይሁን» አለችን። «እስከ ኅዳር 30 ካልመጣ ማመልከቻችሁ ይዘጋል፤ እንደ አዲስ ነው የምትጀምሩት።» እንደ አዲስ ማለት ክረምቱ ይገባል ማለት ነው። ግድግዳው ደግሞ ሌላ ክረምት የሚጠብቀን አይመስለኝም።

ታረቀኝን «ለሁለት ክፈለው» ስለው ሥራ በዛብኝ ይላል። ስለዚህ አንተን አሰብኩ። የፕላኑን ፎቶ አያይዤልሃለሁ፤ መሃሉን በእርሳስ አስምሬበታለሁ፤ በመስመሩ ላይ ቁረጥልኝ።

እህትህ አስቻለች


ኪጋሊ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አስቻለች፤

ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል። ለእርስዎም ለእትዬ ጽጌረዳም ጤናና ሰላም እመኛለሁ። ስላልቆነጠጡኝ አመሰግናለሁ። የቆነጠጡኝን እስካሁን አስታውሳቸዋለሁ።

የላኩልኝ ፎቶ ግማሹ ፕላን፣ ግማሹ የእርስዎ አውራ ጣት ነው። ጣትዎን ቢያነሱትም ግን በፎቶ አይሆንም፤ ታረቀኝ በኮምፒውተር የሠራው ፋይል ራሱ ያስፈልገኛል።

በመቀስ እንደሚቆረጥ ወረቀትም አያስቡት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕላን እንደ ስስ ነጠላ የተደራረበ ነው። አንዱ ነጠላ ላይ ግድግዳ ብቻ ይሣላል፣ ሌላው ላይ በርና መስኮት፣ ሌላው ላይ ሌላ፤ ሁሉም ሲደረብ አንድ ቤት ሆኖ ይታያል። እኛ ሌየር እንለዋለን። የትኛው ሌየር የማን እንደሆነ ካወቅሁ የእርስዎን በአንድ ፋይል፣ የእትዬ ጽጌረዳን በሌላ አወጣለሁ። የአንድ ቀን ሥራ ነው።

አክባሪዎ ስብሐት


ቀጨኔ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለ ነጠላው ወንድሜ ለስብሐት፤

ማርያም ከእንጦጦ ሆና ኪጋሊ ድረስ ትይህ። ሰላም ነህ ወይ?

ፋይሉን ይዤዋለሁ፤ እንዴት እንዳገኘሁት ግን ልንገርህ። ታረቀኝ ሲያየኝ ላብ አጠመቀው።

«እትዬ አስቻለች፣ ፕላኑ ወረቀት ላይ ሲያዩት አያምርም?» አለኝ።

«ያምራል።»

«ታዲያ የሚያምር ነገር ለምን ይበተናል?»

«ሁለት ፋይል ተባልና።»

«ፎቶ ኮፒ አድርጉትና ሁለት በሉት።»

እኔም አልተከራከርኩም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የሰው ቀሚስ ከቦርሳዬ አውጥቼ መጥለፍ ጀመርኩ። አንድ እጅጌ ስጨርስ ሳል ጀመረው። ወደ ሁለተኛው እጅጌ ስሻገር ፋይሉን በፍላሽ ሰጠኝ። እየሰጠኝ «እኔ የሠራሁት ለሰላም ብዬ ነው» አለ። ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም፤ አሜን ብዬው ወጣሁ።

ፋይሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። እና... ማለቴ፣ እጅህን ካስገባህ አይቀር አንድ ትንሽ ነገር አለች። መሃል ያለውን ግድግዳ ወደ ጽጌረዳ በኩል ግማሽ ሜትር ብትገፋልኝ? አራት ማሽን እኮ ነው፣ ሰውም ዙሪያውን መላወስ አለበት። እሷ በእርምጃ እንጂ በሜትር አታስብም፤ እርምጃዋም አጭር ነው።

እህትህ አስቻለች


ቀጨኔ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ዝም ላለኝ ወንድሜ ለስብሐት፤

ጤና ከሆንክ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ካልሆንክ ደግሞ ቶሎ ይማርህና ጻፍልኝ።

አሥራ ስምንት ቀን ሆነ። ደብዳቤዬን ማየትህን ስልኩ ነግሮኛል፤ ሁለቱ ምልክት ጎን ለጎን ቆመው ያዩኛል። መጀመሪያ ታመሃል ብዬ ተሳልኩልህ። ቀጥሎ አግብተህ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ ሳስበው፣ ያ ግማሽ ሜትር አስቀይሞህ ይሆን? ከበዛ ሠላሳ ሳንቲም ይሁን። ሃያም አይከፋም። አሁንም ዝም ካልክ አሥር፤ ከአሥር በታች ግን አልወርድም፣ ለማን ብዬ።

እዚህ ሁሉም ደህና ነው፤ ከግንዶቹ አንዱ ትላንት ተንሸራቶ ወደ ቦታው መለስነው እንጂ። ጽጌረዳ ሰሞኑን ፊቷ በርቷል። ከግድግዳው ማዶ ታንጎራጉራለች። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። እህቴን አርባ ስድስት ዓመት አውቃታለሁ፤ አንድ ነገር ሳትይዝ ዳቦ አትቆርስም። ምን እንደያዘች አላወቅሁም።

ራኬብንም ሄጄ ጠየቅኳት። ቀኑ አይራዘምም አለች። ሃያ ሁለት ቀን ነው የቀረን።

የምትጠብቅህ አስቻለች


ኪጋሊ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አስቻለች፤

ስለ ዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አልታመምኩም፤ አላገባሁምም። ይህንን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

ፋይሉን ስከፍት ታረቀኝ ሌየሮቹን በደንብ ሰይሟቸው አገኘሁ። አንዱ «የእትዬ አስቻለች» ይላል። ሁለተኛው «የእትዬ ጽጌረዳ» ይላል። ሥራው ቀላል ነው ብዬ ደስ አለኝ። የእርስዎን ለብቻው አወጣሁ፤ ከነደረጃው፣ ከነውሃ ታንከሩ፣ ሙሉ ቤት ሆኖ ወጣ። ከዚያ የእትዬ ጽጌረዳን ለብቻው አወጣሁ። እሱም ከነደረጃው፣ ከነውሃ ታንከሩ ወጣ።

በግቢው ውስጥ ያለው ደረጃ ግን አንድ ነው። ታንከሩም አንድ ነው።

ጠጋ ብዬ ሳየው ታረቀኝ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ሥሎታል፤ አንድ ጊዜ በእርስዎ ስም፣ አንድ ጊዜ በእትዬ ጽጌረዳ ስም፣ አንዱን በአንዱ ላይ። እርስዎ በሙያዎ ያውቁታል፤ በአንድ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ የገባ አንድ ዓይነት ክር ማለት ነው። በወረቀት ሲታተም አንድ መስመር ነው፣ ማንም አያውቅም። ሁለት ፋይል ሲሆን ግን ራኬብ ጎን ለጎን ታያቸዋለች፤ አንዱን ደረጃ ሁለት ሰው የእኔ ብሎ ያመለከተበት ወረቀት ይሆናል።

ሌላም አለ። ሦስተኛ ሌየር አለ፤ ስሙ «የማንም» ይላል። ስከፍተው ሽንት ቤቱ ነው። በእርስዎ ፋይል ሽንት ቤት የለም። በእትዬ ጽጌረዳም ፋይል የለም። ሽንት ቤት ለሌለው ቤት ፈቃድ የሚሰጥ ሰው አላውቅም።

ነገሩ እንዴት እንደዚህ እንደሆነ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ።

አክባሪዎ ስብሐት


ቀጨኔ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለስብሐት፤

እድሜ ይስጥህ፣ ነቀርሳ አይንካህ። ደብዳቤህን አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ጽጌረዳ ከማዶ «ምን አገኘሽ?» አለች። «ምንም» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ምንም አላገኘሁም፤ ሽንት ቤት እንኳ።

በማግስቱ ታረቀኝ ጋ ሄድኩ። ገና ደረጃውን ስወጣ ጀምሮ ገብቶታል።

«ደረሱበት አይደል?» አለኝ።

«ምን ሠራኸን አንተ ሰውዬ?»

«እኔ ምን አደረግሁ፣ እትዬ? እርስዎ ሰኞ ብቻዎን መጥተው ደረጃውና ታንከሩ የእኔ ነው አሉ። ማክሰኞ እትዬ ጽጌረዳ ብቻቸውን መጥተው የእኔ ነው አሉ። ሽንት ቤቱስ ብዬ ስጠይቅ እርስዎ የእሷ ነው አሉኝ፤ እሳቸውም የእሷ ነው አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረንም?»

«አምና ለሁለት ወንድማማቾች ነግሬ የቢሮዬን በር ገነጠሉት። ይሄን ይመልከቱት፣ አዲስ ነው።» በሩን በእጁ አንኳኳልኝ። «ከዚያ ወዲህ ለሁሉም እሥላለሁ። ሁሉም ተደስቶ ይወጣል። ደግሞ አደራረቡን አይተውልኛል? ፀጉር አይዛነፍም።»

እውነቱን ልናገር? ብያለሁ። ሰኞ ሄጄ ደረጃው የእኔ ነው ብያለሁ። ደረጃው የእኔ ካልሆነ እኮ ማሽኖቼን በማን በር አሳልፋለሁ? እሷ የላይኛውን ልታከራይ ነው፤ ተከራይዋ ሲወጣና ሲወርድ ይሉኝታ ልያዝ? ሽንት ቤቱን ያልኩት ደግሞ፣ ያንተ አገር መንገድ ሰፊ ስለሆነ አይገባህም። የኛ ቁልቁለት የፍሳሽ መጣጭ መኪና አያስገባም። መኪናው ከላይ አስፋልቱ ላይ ይቆምና ቱቦው በዘጠኝ ሰው ግቢ አልፎ ነው የሚደርሰን። ባለ ሽንት ቤቱ ዘጠኝ በር እያንኳኳ «በእንትን ምክንያት ይቅርታ» ይላል። እናታችን እስክትሞት ያንኳኳችው እሷ ነበረች። ከሞተች ወዲህ እኔና ጽጌረዳ የምንኳረፈው ሁልጊዜ ጉድጓዱ ሊሞላ ሲል ነው፤ አሁን ሳስበው ነው የገባኝ።

በቃ እንዲህ አድርግልኝ። ደረጃውን ከእሷ ፋይል አውጣውና የእኔ ላይ ተወው። ሽንት ቤቱን የእሷ ላይ አስገባው። ታንከሩን ትውሰደው፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ለእሷ ግን አሁን አትንገራት። አሥራ አምስት ቀን ቀርቶናል፤ ከተጣላን አንደርስም።

ስለ ግድግዳው አሥር ሳንቲም ምንም አላልክም።

እህትህ አስቻለች


ኪጋሊ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አስቻለች፤

ከሰላምታዬ ቀጥሎ፣ እስካሁን ያልነገርኩዎትን ልንገርዎት።

እትዬ ጽጌረዳም ይጽፉልኛል። ከጥቅምት 13 ጀምሮ ነው። እሳቸውም በኮምፔንሳቶው ምክንያት በድምፅ መላክ እንደማይችሉ፣ ስለዚህ በእጃቸው ጽፈው ፎቶ እንደሚያነሱ ነግረውኛል። እሳቸውም መሃል ግድግዳውን ወደ እርስዎ በኩል ግማሽ ሜትር እንድገፋላቸው ለምነውኛል። እሳቸውም ለእርስዎ እንዳልነግር አደራ ብለዋል። እሳቸውም በለቅሶው ላይ እንዳልቆነጠጡኝ ጽፈዋል፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም።

ሳልነግራችሁ የሁለታችሁንም ፈጸምኩ። እርስዎ እንዳሉት ግማሽ ሜትር ወደዚያ ገፋሁት፤ እሳቸው እንዳሉት ግማሽ ሜትር ወደዚህ ገፋሁት። ግድግዳው የነበረበት ነው።

ኅዳር 18 ቀን እትዬ ጽጌረዳ ደረጃውን ለእሳቸው፣ ሽንት ቤቱን ለእርስዎ እንዳደርግ ሲጽፉልኝ ሥራውን አቁሜ ሁለት ቀን አሰብኩ። እዚህ የምታዘዘው ለአንድ አለቃ ነው፣ እናንተ ግን ሁለት አለቃ ሆናችሁብኛል።

ስለዚህ የላክሁት ሁለት ሳይሆን ሦስት ፋይል ነው። አንደኛው የእርስዎ ቤት ነው። ሁለተኛው የእትዬ ጽጌረዳ ቤት ነው። ከሁለቱም ላይ ደረጃውንም ታንከሩንም አንሥቻለሁ። ሦስተኛው ፋይል ላይ ደረጃው፣ ታንከሩና ሽንት ቤቱ አሉ፤ አንድ ላይ አስሬያቸዋለሁ፣ እንደ አንድ ዕቃ። ደረጃውን ብቻ ወይም ታንከሩን ብቻ መውሰድ አይቻልም። ሦስተኛውን የፈረመ ሦስቱንም ፈርሟል፤ ከነዘጠኙ በር።

ይህንኑ ደብዳቤ፣ አንድ ቃል ሳልለውጥ፣ በዚሁ ደቂቃ ለእትዬ ጽጌረዳም ልኬአለሁ። ቢቆጡኝ ይገባኛል። ቀኑን ግን እንዳያሳልፉት አደራ።

አክባሪያችሁ ስብሐት


ቀጨኔ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዳኛችን ለስብሐት፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ፤ ጥምቀቱንም በሰላም ያድርስህ። ይህን ያህል ዘግይቼ ስጽፍልህ ተቀይሜህ እንዳይመስልህ። አንድ ቀን ተቀይሜሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ጊዜ አላገኘሁም።

ያ ደብዳቤህ የመጣ ዕለት ሁለታችንም ቤት ነበርን። እኔ ከወዲህ አነባለሁ፣ እሷ ከወዲያ ታነባለች። እስከ መጨረሻው ስንደርስ ሁለታችንም አወቅን፤ እኩል ተነፈስን።

«አስቻለች» አለች።

«አቤት።»

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እኔ ቆንጥጬዋለሁ እንዴ?»

«ሁለት ጊዜ።»

ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። እኔ ግን ተኝቼ ማሰላሰል ጀመርኩ። መጀመሪያ «ሽንት ቤቱን ለእሷ ልተውላት» አልኩ። ትንሽ ቆየት ብዬ «ቆይ፣ ሽንት ቤቱን ከተውኩ ደረጃውም አብሮ ሄደ» አልኩ። ዘጠኝ በር ማንኳኳት በዓመት አንድ ቀን ነው። ደረጃ ግን የዕለት ነው። ሐሙስ ላይ ቆረጥኩ፤ ሰኞ በጠዋት ሄጄ ሽንት ቤቱን በስሜ አደርጋለሁ።

ኅዳር 30 ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን ከቤት ወጣሁ። የጽጌረዳ በር ተዘግቷል፤ ተኝታለች ብዬ በጣቴ ነው የተራመድኩት። ስደርስ መስኮቱ ሥር ቀድማኝ ቆማለች፣ ያንን የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፤ እኔ የጠለፍኩላትን።

ራኬብ መጣችና ፋይሎቹን ከፈተች። አንደኛውን አየች፣ ጥሩ ነው። ሁለተኛውን አየች፣ ጥሩ ነው። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

«ደረጃ፣ ታንከር፣ ሽንት ቤት» አለች። «ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ» አልን ሁለታችንም።

«የቱ?»

«ሽንት ቤቱ የእኔ ነው» አለች ጽጌረዳ።

«ሽንት ቤቱማ የእኔ ነው» አልኩ። «ድሮም የእኔ ነበር።»

«መቼ? አንቺ ነሽ ታረቀኝ ጋ ሄደሽ የእሷ ነው ያልሽው።»

«አንቺም ብለሻል።»

«ተጸጽቼአለሁ» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ዘጠኙን በር እኔ አንኳኳለሁ።»

«አንቺን ማን ይከፍትልሻል? ከዘጠኙ ሰባቱ እኔን ነው የሚወዱት።»

ከኋላችን ጋሽ ዳኜ የሚባሉ፣ ፋይላቸውን በፌስታል የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ጎንበስ ብለው «ልጆቼ፣ እንዲህ ከወደዳችሁት የእኔንም ጨምራችሁ ውሰዱልኝ» አሉ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ራኬብ ፊቷን በወረቀት ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። እኔም ላለመሳቅ ታግዬ ጽጌረዳን አየኋት፤ እሷም ስትታገል አየችኝ። አልቻልንም። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንዲያ ስቀን አናውቅም።

ራኬብ ዓይኗን ጠርጋ «ሁለታችሁም ካልፈረማችሁ ሦስተኛው አይገባም» አለች። «እሱ ካልገባ ደግሞ ሁለቱም አይገቡም።» እስክሪብቶውን ለጽጌረዳ ዘረጋችላት። ጽጌረዳ አልተቀበለችም፤ «ታላቄ ትፈርም» አለች። ፈረምኩ። ፊርማዬ ሰፋ ብሎ ወደ እሷ ቦታ ሦስት ሳንቲም ያህል ገባ። አየችው። ከሥሩ ፈረመች።

ፈቃዱ በገና ማግስት ወጣልን። አሁን ቤቱ ፈርሶ፣ ሁለታችን ከጎረቤት አንድ ክፍል ተከራይተን ተደርበናል። ማሽኖቼ በላስቲክ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ብርሃኔ ገና ነው፤ ግን መንገዱ ላይ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ታረቀኝም መጥቶ ነበር። የሦስቱን ፋይል ነገር ነግሬው ብዙ አሰበና «ይሄ አካሄድ ለቢሮዬ በርም ጥሩ ነው» አለ።

ዛሬ ጠዋት ቁፋሮ ተጀመረ። የሠራተኞቹ አለቃ ያሕያ ይባላል፤ በሙያው የተመሰገነ ነው። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ እናውጣ አለ። እኔና ጽጌረዳ አፋፉ ላይ ቆመን ስናይ፣ ከውስጥ ሆኖ «ሦስት ሜትር ይበቃል» አለ።

ሳንተያይ፣ ሳንመካከር፣ በአንድ አፍ «አምስት ይሁን» አልን። ጥልቅ ጉድጓድ ቶሎ አይሞላም።

ያሕያ ቀና ብሎ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ። «ትእዛዝ የምቀበለው ከአንድ ሰው ነው» አለ። «የዚህ ሽንት ቤት ባለቤት ማን ናት?»

ሁለታችንም እጃችንን አወጣን።

እህትህ አስቻለች